ሰው አይጾምም

በደስታ እሑድ ስለ ደስታ ተናገሪ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከግቢው ካቶሊክ ተማሪ ሁሉ ተመርጬ እኔ! በዚያ ሰሞን ፊቴን ያየ ሰው ስለ ደስታ ቀርቶ ስለ ዝናብ እንኳ አያስወራኝም ነበር።

በጅማ ገናን የምንጠብቅበት ጊዜ፣ ዘመነ ምጽአት፣ ከቡና ለቀማ ጋር ይገጥማል። በቁምስናችን አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ከጥድ ዝንጣፊ የተጎነጎነ አክሊል ይቀመጣል። በላዩ አራት ሻማ ይቆማል፤ በየእሑዱ አንድ ይለኮሳል። ሦስቱ ሐምራዊ ናቸው። የሦስተኛው እሑድ ግን ሮዝ ነው፤ ያን ቀን "ደስ ይበላችሁ" ይባላል። ሻማውን የሚለኩሰው ተማሪ ትንሽ አስተንትኖ ያቀርባል። የተማሪዎቹ አባት አባ ወልደሰማያት "ሮዙን ጸጋ ትያዘው፤ ሳቂታ ናት" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያኔ ሳቂታ ነበርኩ። አጵሎስ ገና አልዘጋኝም ነበር።

አጵሎስ የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ ነው። ወይዘሮ ዘነቡ አጋሮ ላይ፣ በአባቴ መጋዘን፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። እኔ ደግሞ የመጋዘኑ ባለቤት የአቶ ከፈለ ልጅ ነኝ። በአንድ ከተማ አድገን የተዋወቅነው ግን ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው። እሱ ያደገው ጴንጤ ቤት ነው። ወደ እኛ ጸሎት ቤት መጀመሪያ የመጣው እኔን ብሎ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እኔ ብቀር እሱ የማይቀር ሆነ። አዲስ ስለሆነ የሰማውን ሁሉ በቁሙ ይወስዳል። አባ "ሳታቋርጡ ጸልዩ" ካሉ፣ የካፌ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። በዚህ ጠባዩ እስቅ ነበር። ወይ ነዶ!

በመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዳችን የሁላችንም ስም በቅርጫት ዞረ። እያንዳንዱ አንድ ስም ያወጣል፤ ያ ሰው እስከ ገና የጸሎት ወዳጁ ነው። አባ ሕጉን ነገሩን። "ለደረሳችሁ ሰው በየቀኑ ጸልዩ። ስለዚያ ሰው ብላችሁ ከምትወዱት አንድ ነገር ተዉ። እስከ ገና ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ።" እኔ ስኳር ተውኩ። ጓደኞቼ ሥጋ ተዉ፣ ቲክቶክ ተዉ፣ ኳስ ማየት ተዉ። አጵሎስ ያወጣውን አነበበ፤ አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተና ደህና ዋዪ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ስደውል "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" ትላለች ያቺ ሴትዮ። ሁልጊዜ የምንቀመጥበት የላውንጅ ጥግ ባዶውን ዋለ። ቅዳሴ ላይ ሲመጣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከቡራኬው በፊት ይወጣል።

ተራ የፍቅረኛ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። የምነግረው ነገር ነበረኝ። በዚያ እሑድ ዋዜማ አጋሮ ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነግሬው ነበር።

"የዘነቡ ልጅ?" አለ አባቴ። "ቡናዬን የምትለቅመው የዘነቡ? ያውም ጴንጤ የነበረ?"

"አዎ አባዬ።"

ብዙ ከተንጎራደደ በኋላ "ወንድ ከሆነ ከገና በፊት ሽማግሌ ይላክ፤ አልሰማም አልልም። ካልላከ ግን ለአብሳሎም ቤተሰቦች ቃሌን እሰጣለሁ" አለ። አብሳሎም ቡና የሚያመላልሱ ሁለት አይሱዙዎች ያሉት የእምነታችን ሰው ነው። ሲስቅ ከጥርሱ ይልቅ የመኪና ቁልፉን የሚያሳይ ዓይነት።

ከአባቴ አፍ "አልሰማም አልልም" ማግኘት እንዴት ያለ ድል እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ለአጵሎስ በአካል ልነግረው፣ ፊቱ ሲበራ ላየው ፈልጌ ነበር። ፊቱን ነፈገኝ። "ሽማግሌ ላክልኝ" ብዬ ጓደኞቹን አማላጅ እንዳልይዝ ደግሞ ክብሬ አልፈቀደም።

አንድ ቀን ላይብረሪ በር ላይ ፊት ለፊት ገጠምን። "አጵሎስ!" አልኩ። ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከንፈሩ ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና ሄደ። ለቀብር እንደመጣ ሰው! እዚያው በር ላይ ደብተሬን አቅፌ ቀረሁ፤ ተማሪው እየገፋኝ ሲያልፍ አይሰማኝም ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ሩፈይዳ የጅማ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስገባ ፊቴን አየችና "ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" አለች።

"ሰላም ያለኝ እንደ ለቀስተኛ ነው።"

"ወላሂ ይሄ ልጅ የሆነ ነገር አለው። ዝም ብሎ አይደለም።"

"ምን ይኖረዋል? ደክሞታል በቃ። የአቶ ከፈለ ልጅ ከብዳዋለች።"

ይህን እያልኩ ሳለ አባቴ ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ አባቴ ሲለሰልስ እፈራለሁ።

"ጸጋዬ፣ ያ ልጅ ምን አለ?"

"እየጠበቅኩ ነው አባዬ።"

"እኔማ መልካም አሰብኩ። እናቱን የለቃሚዎቹ አለቃ ላደርጋት ነው፤ በዚህ ሳምንት ነግሬያታለሁ። በሌላው ነገር ግን... የአብሳሎም ሰዎች እሑድ በስድስት ሰዓት እንምጣ ብለዋል። ምን ልበላቸው?"

የለቃሚዎች አለቃ። በዚህ ሳምንት። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ለካ ዋጋዬ ይህ ነው! እናትየው ከመሬት ወደ ወንበር፣ ልጅየው ከእኔ ወደ ዝምታ። አባቴ ሊገዛ፣ እነሱ ሊሸጡኝ ተስማምተው እኔ እዚህ የላይብረሪ በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ።

"ይምጡ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ይምጡ አልኩህ አባዬ!"

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ሩፈይዳ አፏን ይዛ "ማሎ፣ እባክሽ ጸጋ! በንዴት እሺ ይባላል?" አለችኝ። ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ።

እሑድ ረፋድ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያዘጋጀሁት አስተንትኖ አንድ ገጽ ነው፤ ደስታ፣ ተስፋ፣ ብርሃን፣ ሁሉም አለበት። ቆሜ አንዴ አየሁት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"ዛሬ ወንጌሉ ስለ ዮሐንስ ነው" አልኩ። "እስር ቤት ሆኖ ጌታን አስጠየቀው። የምንጠብቀው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ? አለ። ሰባኪዎች እዚህ ላይ ዮሐንስ ተጠራጠረ ይላሉ። እኔ ግን ተናደደ እላለሁ። ሰው እስር ቤት ሆኖ ሲጠብቅ ይናደዳል!"

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አጵሎስ የኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ደፍቷል።

"መጠበቅ፣ መጠበቅ ትሉናላችሁ። ማርያም ጠበቀች ትላላችሁ። ማርያም እኮ መልአክ መጥቶ ነግሯት ነው የጠበቀችው! እግዚአብሔር እንኳ ሰውን ሲያስጠብቅ ነቢይ ይልካል። ይናገራል። ለዮሐንስም መልስ ልኮለታል። ሰውን ዝም ብሎ፣ ምንም ሳይሉ፣ እንደ ተረሳ ዕቃ ማስጠበቅ የእግዚአብሔር ጠባይ አይደለም። የፈሪ ሰው ጠባይ ነው።"

አሁን ማንም አልሳቀም። አጵሎስ ቀና አለ። በመካከላችን የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ የጠፋ መሰለኝ።

"እኔም እንደ ዮሐንስ እጠይቃለሁ" አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ በመሰበሩ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። "ሌላ ልጠብቅ?"

ክብሪቱን ጫርኩ፤ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። አባ ሊያግዙኝ ሲነሱ በሦስተኛው ለኮስኩትና ወጣሁ። ሮዙ ሻማ ከኋላዬ በራ፤ እኔ ግን እንደዚያ ጊዜ ጨልሞብኝ አያውቅም።

አጥር ግቢው ውስጥ፣ ከዘበኛው ከኦቦ ሸኩር ጎጆ አጠገብ ደረሰብኝ። ሲሮጥ ስለመጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ፊቴ ቆመና አሁንም ዝም!

"አፍህ የት ሄደ?" አልኩት። "ደግሞ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ልትሰናበተኝ ነው?"

እጁን ወደ ሰማይ አመለከተ፤ ከንፈሩን ነከሰ።

"ተወው፤ አውቀዋለሁ። አባቴ እናትህን አለቃ አደረጋቸው፤ አንተ ደግሞ ለቀቅከኝ። ጥሩ ንግድ ነው። እናትህ ልጃቸውን በደህና ዋጋ ሸጡ!"

ፊቱ ተለዋወጠ። አጵሎስ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

"እናቴን አታንሺ!" አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነው። "እናቴ ሹመቱን አልተቀበለችም! 'ልጄ የእርስዎን ልጅ ሊለምን ነው፤ ነገ ሰው በወንበር ተሸጠ እንዳይለው እዚሁ መሬት እቀመጣለሁ' ብላ መለሰችላቸው። ትናንት ወንድሜ መጥቶ ነው የነገረኝ። አንቺ ደግሞ ያንኑ አፍሽ ላይ አገኘሁት።"

በጥፊ የተመታሁ ያህል ሆንኩ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ሆኖም ንዴቴ ገና መቼ በረደ?

"ታዲያ ለምን ዘጋኸኝ? ለምን?"

ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ። አባ ወልደሰማያት ልብሰ ተክህኗቸውን ሳያወልቁ እየመጡ ነበር። አጵሎስ እንደ ተያዘ ሌባ አንገቱን ደፋ።

"ይቅር ይበሉኝ አባ፤ ሕጉን አፈረስኩ። እስከ ገና ልጠብቅ ነበር።"

"የምን ሕግ?" አሉ አባ።

"የጸሎት ወዳጄ... እሷ ደርሳኝ ነበር። 'ስለ እሱ ብላችሁ ከምትወዱት አንድ ነገር ተዉ፤ ለማንም አትናገሩ' አሉን። አባቷ እንዲቀበሉኝ ልጸልይላት አሰብኩ። ምን ልተው ብዬ ፈለግኩ። ሥጋ ድሮም አልበላም፣ ኳስ አላይም። ከእሷ ሌላ የምወደው ነገር አጣሁ።" ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "እሷን ተውኩ። ሲም ካርዴንም አወጣሁት።"

አባ ግንባራቸውን ያዙ። "የጌታ ያለህ! ልጄ፣ ስኳር ተዉ ነው ያልኩት! ሰው ተዉ አልኩ? ሰው አይጾምም እኮ!"

ኦቦ ሸኩር ከጎጆአቸው ብቅ ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "እኛም እንጾማለን" አሉ። "ግን ማታ ይፈታል። የማይፈታ ጾም ሰምቼ አላውቅም፤ ወላሂ።"

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። አሁን ግን ከአፌ የወጣው ጩኸት ነው።

"እኔ ሥጋ ነኝ? እኔ ስኳር ነኝ የምትተወኝ? ማን ፈቀደልህ? ስለ እኔ ብለህ እኔን ስትጾም፣ እኔ ምን እየበላሁ ልቆይልህ ነበር? አባቴ ሽማግሌ ይላክ ብሎ ነበር! አልሰማም አልልም ብሎ ነበር! የጸለይክበት ነገር እጄ ላይ ነበረ፤ ልነግርህ ስሮጥ በሩን ዘጋህብኝ! አሁን በስድስት ሰዓት የሌላ ሰው ሽማግሌ ቤታችን ይገባል። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በአንተ ተናድጄ!"

አጵሎስ የኦቦ ሸኩር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እነዚያን እጆች ሳያቸው ንዴቴ ውስጥ ያለው ፍቅር እንደ ቁስል ጠዘጠዘኝ።

አባ ሰዓታቸውን አዩ። "እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ኦቦ ሸኩር፣ አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም። ይመጣሉ?"

"ዱላዬን ላምጣ" አሉ ኦቦ ሸኩር።

የቁምስናው ፒክአፕ በአጋሮ መንገድ ሲከንፍ በግራ በቀኝ የተሰጣው ቡና ያልፋል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነን። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተውኩ።

"ጸጋ..." አለ ቀስ ብሎ።

"ዝም በል!" አልኩ። ወዲያው ደግሞ "አይ፣ ተናገር። አጋሮ እስክንደርስ ተናገር። ያስቀረህብኝን ሁሉ" አልኩት።

ተናገረ። በየማለዳው ከዶርማችን ትይዩ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ ሲጸልይልኝ እንደነበር፣ መብራታችን ሲበራ ሮጦ እንደሚሄድ። ላይብረሪው በር ላይ ስሙን ስጠራው ጾሙን ሊፈታ አንድ ፊደል ብቻ ቀርቶት እንደነበር። እኔ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ እያየሁ እሰማለሁ፤ እንባዬን እንዲያይ አልፈለግኩም።

ኦቦ ሸኩር ዞር ብለው "ኢንታሎ፣ ልጄ፣ ስሚኝ" አሉኝ። "ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ ካሉን ሊሰሙን ነው። እነዚያ ሰዎች ቆመው ካገኘናቸው ጊዜ አለን። ተቀምጠው ከሆነ ግን..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ደረስን። አጵሎስ በር ላይ ቀረ፤ ወግ ነው፤ ጠያቂው አይገባም። የምትጠየቀዋም ሳሎን አትገባም፣ ጓዳ ነው ቦታዋ። እኔ ግን "ይምጡ" ያልኩት በራሴ አፍ ነው። ጓዳውን አልፌ ከሽማግሌዎቼ ጋር ሳሎን ገባሁ።

የአብሳሎም ሰዎች ተቀምጠዋል። ብርጭቆ ይዘዋል።

አባቴ አባን አይቶ ደንግጦ ተነሳ፤ መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ እኔን አየ። "ጸጋ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ቃሌን መልሼ ልወስድ ነው አባዬ።"

"ቃሉን ሰጥቻለሁ፤ አልቋል!"

"የሰጠኸው የእኔን ቃል ነው። እሱም የንዴት ነበር።"

አባቴ ነጋዴ ነው፤ የተበላሸ ቡና ከሽታው ያውቃል። ጠጋ ብሎ ፊቴን መረመረ። "አሁንስ አልተናደድሽም?"

"አሁንማ ይብሳል።"

"ታዲያ አሁን የምትዪውን በምን ልመን?"

አባ ወልደሰማያትና ኦቦ ሸኩር ጎን ለጎን እንደቆሙ ናቸው።

"ያን ዕለት ስናደድ ይምጡ አልኩህ" አልኩ። "ዛሬ ከዚያ የባሰ ተናድጃለሁ። በአንተ ተናድጃለሁ፤ ወይዘሮ ዘነቡን በወንበር ልትመዝናቸው ነበርና። በራሴ ተናድጃለሁ። በእሱማ፣ በእሱ የተናደድኩትን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ግን እንዲህ ተናድጄም የምልህ እሱን ነው። ሌላ አልጠብቅም አባዬ።"

አባቴ የወይዘሮ ዘነቡን ስም ስጠራ ዓይኑን መሬት ላይ እንደጣለ አላነሳም። በመጨረሻ ወደ አባ ወልደሰማያት ዞረ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"አባ... ይቀመጡ። እርስዎም ኦቦ፤ ይቀመጡ።"

ከአብሳሎም ሰዎች ትልቁ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተነሱ።

ወጣሁ። አጵሎስ አጥሩን ተደግፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መጸለዩን እንኳ አላቆመም፣ ያ ግትር! ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። መጠየቅ ፈርቶ በዓይኑ ብቻ ጠየቀኝ።

"ተቀመጡ ተብለዋል" አልኩት።

እንባው በጉንጩ ወረደ።

"አታልቅስ" አልኩ። "ገና ተናድጄብሃለሁ። ለእናትህም ሄጄ ይቅርታ እስክጠይቅ በራሴም እንደተናደድኩ ነኝ። ዳግመኛ አንድ ነገር ተዉ ሲባል..."

"ስኳር" አለ በሲቃ። "ስኳር እተዋለሁ።"

እንደዚያው እየተናደድኩ እጁን ያዝኩት።